ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤት ስንት ያወጣል

ሰኞ፣ የካቲት 2

ተከራያችን ለቀቀ። ቁልፉን ለጥበቃው ሰጥቶ ነው የሄደው፤ ስልክ የደወለልኝም ከወጣ በኋላ ነው። «መሥሪያ ቤታችን ወደ ከተማው ማዶ ሊዛወር ነው፤ እኔም እዚያው አጠገብ ቤት አገኘሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለኝ። ትሁት ሰው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳያሳልፍ ከፍሏል። እንኳን ደስ አለህ አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩት እንጃ።

ለወንድሜ መንገር አለብኝ። ነገ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ነገርኩት። «በሁለት ሳምንት ውስጥ ሌላ እናገኛለን» አልኩት አፌን ሞልቼ። «እትዬ፣ አንቺ ካልሽ» አለ። ከኋላው ሚስቱ የሆነ ነገር ስትጠይቀው ሰማሁ፤ ስልኩን በእጁ ሸፈነው።

እሑድ፣ የካቲት 8

እሑድ ነው፤ ጊዜ አለኝ። ከመጀመሪያው ልጻፈው። ስጽፈው ጥፋቴ የቱ ጋ እንደሆነ ይታየኝ ይሆናል።

እናታችን ያረፈችው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። አልጋ ላይ ከዋለች ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ያስታመምኳት እኔ ነኝ፤ አላገባሁም፣ አልወለድኩም፣ ሥራዬም ለቤቱ ቅርብ ነበር። ስታርፍ ቤቷን ሸጥን። ወንድሜ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። በድርሻው የራሱን መኪና ሊገዛ አስቦ ነበር፤ የከለከልኩት እኔ ነኝ። «መኪና ያረጅብሃል፤ ቤት ራሱን ይከፍላል። ገንዘባችንን አንድ ላይ አድርገን አፓርታማ እንግዛና እናከራየው» አልኩት።

ባንክ ውስጥ የንብረት ግምት ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ብድር የሚጠይቅ ሰው ቤቱን ሲያስይዝ ስንት እንደሚያወጣ የምገምተው እኔ ነኝ። እናም ወረቀት አውጥቼ አሳየሁት። የቤቱ ዋጋ ሦስት ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ። ኪራዩ በወር ሃያ አራት ሺህ፤ በዓመት ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት ሺህ። የዓመቱን ኪራይ ለዋጋው ስናካፍለው ከመቶ ስምንት ይመጣል። እኛ ቢሮ ይህን «የኪራይ ምላሽ» እንለዋለን። ከመቶ ስምንት ሸጋ ምላሽ ነው። ወንድሜ ወረቀቱን ቀና ብሎም አላየው። «እትዬ፣ አንቺ ካልሽ» ብሎ ፈረመ።

ያኔ ዘመድ ሁሉ «ለምን ራስሽ አትገቢበትም?» ይለኝ ነበር። ለአንድ ሰው ሁለት መኝታ ብክነት ነው አልኩ። እኔ በአንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው። ይበቃኛል።

አሁን ወንድሜ ወገቡን ታሞ ከመሪው ከወረደ ሦስት ወሩ ነው። ቤቱ የሚገባው ገንዘብ ሚስቱ ከምትሰፋው ልብስ የምታገኘውና የኪራዩ ግማሽ ነው። ግማሹ ደግሞ ከዚህ ወር ጀምሮ የለም።

ሐሙስ፣ የካቲት 12

ከሥራ ስወጣ ቤቱን ላይ ሄድኩ። ቧንቧው ያንጠባጥባል። የሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሥዕል የተሰቀለባቸው አራት ቀዳዳዎች። ሌላው ደህና ነው። መስኮቱ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ያያል፤ ሰው ሲወርድ ሲሳፈር ይታያል። ትንሽ ቆየሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

ደላላ ያዝኩ። ሰፈሩ «አምባሳደሩ» ይለዋል፤ ሙቀት ሆነ ብርድ ከሙሉ ልብሱ ስለማይወጣ። «እመቤቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለኝ ከረባቱን እያስተካከለ። «ከወር በፊት ቢጠሩኝ ኖሮ ተከራዮቹን አሰልፌ አስመርጥዎት ነበር። አሁን መሥሪያ ቤቱ ዘጠኝ መቶ ሠራተኛውን ይዞ እየሄደ ነው። ከእርስዎ ሕንፃ ብቻ አሥራ አንድ ቤት ባዶ ነው። ሃያ አራት ሺህ የሚለውን ይርሱት።»

«ስንት ልበል?»

«አሥራ ስምንት ይበሉና እንሞክር። በልብዎ ግን አሥራ ስድስት ያስቡ።»

በልቤ ምንም አላሰብኩም። ከሰዓት በኋላ ቧንቧውን የሚሠራ ሰው አመጣሁ። ሲሠራ ቆሜ ሰለቸኝ፤ ወንበር ያስፈልጋል።

ረቡዕ፣ የካቲት 18

አንድ ወንበር ወሰድኩ። ቤት ለማየት የሚመጣ ሰው ቁጭ ብሎ እንዲነጋገር ነው።

እሑድ፣ የካቲት 22

ከዓርብ ማታ ጀምሮ የተናገርኩትን ቆጠርኩ። ለዳቦ ቤቷ ልጅ፣ «ሁለት»። ለባልቴቷ፣ «ውሃውን ዘግቼዋለሁ»። ለአውቶቡሱ ረዳት፣ «ወራጅ አለ»። ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ነገር መቁጠር የሥራ በሽታ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 25

የመጀመሪያው ሰው መጣ። ወንደላጤ፤ ሞተር ብስክሌት አለው፤ አሥራ ስምንቱንም ሳይከራከር እሺ አለ። ግን ሞተሩን ደረጃው ሥር ነው የማቆመው አለ፤ ዘይት ያንጠባጥባል። ጎረቤት ያማርራል። አልሆነም።

ሰኞ፣ የካቲት 30

የክፍል ኃላፊያችን ጠራኝ። ከእኔ በአሥራ ሦስት ዓመት ያንሳል፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ሁልጊዜ «እርስዎ» ይለኛል። «የዚያን ሰፈር ግምት እንደገና እንዲሠሩልኝ ነው። በመያዣ የያዝናቸው ሃያ ስድስት ቤቶች አሉ። መሥሪያ ቤቱ ሲሄድ ዋጋው እስከየት ይወርዳል? ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቀው የለም።»

«እኔም እዚያ ቤት አለኝ» አልኩት። ማወቅ አለበት ብዬ ነው።

ትንሽ አሰበ። «እንግዲህ የእርስዎንም ለማነጻጸሪያ አስገብተው እንደማንኛውም ሰው ቤት አድርገው ይገምቱት። ሥራውን ሲጨርሱ እኔም አየዋለሁ።»

እንደማንኛውም ሰው ቤት።

ዓርብ፣ መጋቢት 4

ሁለተኛዎቹ ሰዎች መጡ። እህትማማቾች፣ ተማሪዎች። አባታቸው ይከፍላል። አሥራ ሰባት ሺህ። ተማሪ ግን እንግዳ ያበዛል፤ ሙዚቃም አለ። «ላስብበት» አልኳቸው። አምባሳደሩ ደረጃው ላይ ስንወርድ ከረባቱን ፈታ አድርጎ፣ «እመቤቴ፣ ቤት ነው የሚያከራዩት ወይስ ልጅ ነው የሚድሩት?» አለኝ። ሳቅኩ። ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ ነበር!

ማንቆርቆሪያ ወሰድኩ። ደላላው ሲመጣ ባዶ አፉን መሸኘት ያሳፍራል።

እሑድ፣ መጋቢት 13

ሪፖርቱን እዚያው ቤት ሆኜ ጻፍኩ። ሰፈሩን እያዩ መጻፍ ይሻላል፤ ባልቴቷ ግቢ ደግሞ መብራት አስተማማኝ አይደለም።

ሃያ ስድስቱን ቤቶች አንድ በአንድ አየሁ። የዛሬ ዓመት ነገሩ እንዴት እንደነበር ወረቀቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ታየኝ፤ ያኔ ዓይኔ የት እንደነበረ አላውቅም። ባለፈው ዓመት ከእኛው ጋር የሚመሳሰል ቤት በአራት ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ ተሽጧል። እኔ ሰማሁና ለወንድሜ ደውዬ «ሀብታም ሆንን እኮ!» አልኩት። ኪራዩ ግን ያው ሃያ አራት ሺህ ነበር። ያንኑ ኪራይ ለአዲሱ ዋጋ ሳካፍለው ከመቶ ስድስት ብቻ ነው። ዋጋው ሲሮጥ ምላሹ ወረደ ማለት ነው። ገዢው የሚሻማው ቤቱ በሚያስገባው ሳይሆን ገና ያስገባል ብሎ በሚያልመው ነበር። ይህን ለሌላ ሰው ቤት ብገምት ኖሮ በቀይ እስክሪብቶ አሰምርበት ነበር። ለራሴ ሲሆን ደስታ ብቻ ነው የታየኝ።

አሁን ተገለበጠ። ኪራዩ ወደ አሥራ አምስት፣ አሥራ አራት ሺህ ወርዷል፤ ዋጋው ደግሞ ከኪራዩም ብሶ እየወረደ ነው። እኔ የጻፍኩት ግምት ሁለት ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ ይላል። አሁን የሚገዛ ሰው በአሥራ አምስት ሺህ ኪራይ ከመቶ ሰባት ተኩል ያገኛል፤ ይደሰታል። እኛ በከፈልነው ዋጋ ግን ያው ኪራይ ከመቶ አምስት ነው። አንድ ቤት፣ አንድ ኪራይ፣ ሁለት ምላሽ። ግድግዳው አንድ ስንዝር አላነሰም፤ ፀሐዩም በዚያው መስኮት ይገባል። የቀነሰው የሚፈልገው ሰው ነው። ለካስ ከመቶ ስምንቱ የቤቱ አልነበረም፤ የእነዚያ መንገድ ማዶ ይሠሩ የነበሩ ዘጠኝ መቶ ሰዎች ነበር፤ እነሱ ሲሄዱ ይዘውት ሄዱ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ስጽፍ ኖሬ ዛሬ ገና የገባኝ መሰለኝ።

ሻይ አፍልቼ መስኮቱ ጋ ጠጣሁ። አውቶቡሱ ሰባት ሰው አወረደ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 16

ሪፖርቱን አስገባሁ። የቤታችንን ቁጥር ተራ አሥራ ዘጠኝ ላይ ጻፍኩት። አልቀነስኩም አልጨመርኩም። ኃላፊው አንብቦ «ጠንካራ ሥራ ነው» አለኝ። ወጥቼ መጸዳጃ ቤት ትንሽ ቆየሁ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 19

የእናታችንን ብርድ ልብስ ወደ አፓርታማው ወሰድኩት። ባልቴቷ ግቢ ብል ይበላዋል።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 22

ስገባ ጥበቃው ለሊስትሮው ሲያወራ ሰማሁት፤ አላየኝም። «ይቺ ሴትዮ ቤቱን ታከራያለች ወይስ ታስታምመዋለች?» አለው። ሁለቱም ሳቁ። ሰላም ብዬ አለፍኩ። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ አረፍኩ። ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ዕድሜም አለ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 24

ወንድሜ ደወለ። «እስካሁን ሰው የለም እንዴ?»

«ገበያው ሞቷል።»

«ሞቷል እሺ። ግን እስቲ በቅናሽ ስጪው። አሥር ሺህም ቢሆን ከባዶ ይሻላል እኮ፣ እትዬ።»

ትክክል ነው። ባዶ ቤት ምላሹ ዜሮ ነው፤ ከዜሮም በታች ነው፤ የጥበቃና የጽዳት አለ። ለደንበኛ ሁሉ የምናገረው ይህንኑ ነው። «እየሞከርኩ ነው» አልኩት።

እየሞከርኩ ነው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 3

ባልና ሚስት መጡ፤ ሁለቱም በዕድሜ የገፉ፣ ጡረተኞች። ልጃቸው አጠገብ መሆን ፈልገው ነው። ሰውዬው ግድግዳውን በእጁ መታ መታ አደረገ፤ ሴትዮዋ ክፍሎቹን አየች፣ ወጥ ቤቱን አየች፣ «ንጹሕ ነው፤ ሰው እንደሚኖርበት ያስታውቃል» አለች። ከዚያ መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች። «እኔ ደግሞ ወንበሬን እዚህ ነው የማደርገው» አለች ለባሏ። «ሰው እያየሁ እውላለሁ።»

አሥራ አራት ሺህ ነው አቅማችን አሉ። ከመቶ አራት ተኩል ትንሽ የሚያልፍ ነው። ለአንድ ዓመት ከፈረምን ደግሞ ገበያው ቢያንሰራራ ታስረን እንቀራለን። በዚህ ዋጋ አይሆንም አልኳቸው። ሰውዬው አሥር ጊዜ አመሰገነኝ። አምባሳደሩ ከረባቱን እንኳ ሳያስተካክል አብሯቸው ወረደ።

የሙያ ውሳኔ ነው።

እሑድ፣ ሚያዝያ 4

የሙያ ውሳኔ አይደለም።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 12

ዝናብ ያዘኝና እዚያው አደርኩ። ብርድ ልብሱ ነበር።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 15

እንደገና ዝናብ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 23

ዝናብ አልነበረም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 25

ወንድሜ ቤት ምሳ በላሁ። ትልቋ ልጁ ደብተሯን ይዛ መጥታ «አክስቴ፣ ከመቶ ስንት የሚለውን አስረጂኝ» አለችኝ። አስረዳኋት። ፈጣን ናት። ሚስቱ ሳህን ስታነሳ፣ ለእኔ ሳይሆን ለአየሩ የምትናገር ይመስል፣ «ትምህርት ቤቱ ካልከፈላችሁ ለፈተና አትቀመጥም ብሎ ወረቀት ልኳል» አለች። ወንድሜ «ተይ» አላት። ወንበሩ ላይ አቀማመጡን ሲቀይር ፊቱ ይጨማደዳል። እንደ ድሮው ለመሳቅ ይሞክራል፤ አንጀቴን በላኝ።

ያ አሥራ አራት ሺህ። ግማሹ ሰባት። ሽማግሌዎቹ አሁን ገብተው ነበር። ስሄድ ለአምባሳደሩ እደውላለሁ አልኩ፤ ሰዎቹን ፈልጋቸው እለዋለሁ አልኩ።

ደወልኩ። ሌላ አግኝተው ገብተዋል አለኝ። ይህን ስሰማ በውስጤ ደስ ያለኝ ነገር አለ፤ ራሴን ይቅር የማልለው ለእሱ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 5

ወንድሜ በስልክ፦ «እትዬ፣ አምባሳደር የሚሉት ደላላ አገኘኝ። ባንኩ ራሱ የሰፈሩን ዋጋ ቁልቁል ጥሎታል፤ ከዚህ በኋላ ብድርም እንደ ልብ አይሰጥም፣ ሳይብስ ሽጡት አለኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ማነው እንዲህ ብሎ የጻፈው? ገንዘባችንን ውሃ በላው እኮ!»

«እኔ ነኝ» አልኩት።

በስልኩ ውስጥ የመኪና ጡሩምባ ይሰማኛል፣ የልጆች ድምፅ ይሰማኛል። «አንቺ» አለ በመጨረሻ። እትዬ አላለም።

«ባልጽፈውም ያው ነው። ጻፍኩት እንጂ አላወረድኩትም» ልለው ስል ስልኩ ተዘግቷል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 6

አልደወለም።

ዓርብ፣ ግንቦት 7

አልደወለም። እኔም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 8

 የሆነውን ልጻፍ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። በነጠላ ጫማ፣ ፀጉሬን ታጥቤ፣ ሻይ ጥጄ ነበር። በሩ ተከፈተ። ወንድሜ ነው፤ ትርፉን ቁልፍ ከጥበቃው ወስዶ። ከኋላው አምባሳደሩ፣ ከእሱ ኋላ አንድ መነጽር ያደረገ ሰውዬ፤ ገዢ ነው።

 ማንቆርቆሪያው ያፏጫል።

ወንድሜ ወንበሩን አየ። መሬት ላይ የተነጠፈውን ፍራሽ አየ፤ ፍራሽ ማምጣቴን እዚህ ደብተር ላይ አልጻፍኩም ነበር። የእማዬን ብርድ ልብስ አየ። መስኮቱ ደፍ ላይ ያለውን ማበጠሪያዬን አየ።

«ትኖሪበታለሽ እንዴ?»

«አየር እንዲገባበት ብዬ ነው» አልኩ።

አምባሳደሩ፣ ይባረክ፣ ገዢውን በክንዱ ይዞ «ጌታዬ፣ እስቲ ጣሪያውን ላሳይዎት፤ ከላይ የሚታየው ነገር ልዩ ነው» እያለ ይዞት ወጣ። ጣሪያው ላይ የሚታይ ምንም ነገር የለም፤ የውሃ ጋን ብቻ ነው።

ወንድሜ ወገቡን ይዞ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እኔ ቆምኩ፤ ሌላ ወንበር የለም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሚያዝያ።»

«አሥራ አራት ሺህ ሊከፍሉ የመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ አለኝ። መለሰቻቸው አለኝ።»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ከገዛንበት ዋጋ አንጻር ምላሹ ከመቶ አራት ተኩል...»

«እትዬ» አለኝ። «ቁጥሩን ተይው።»

ተውኩት። ቁጥሩን ስተወው የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።  «ሴትዮዋ መስኮቱ ጋ ቆመች» አልኩት። «ወንበሬን እዚህ ነው የማደርገው አለች።»

አንገቱን ደፋ። ሲቆጣ ነው የማውቀው፣ ሲስቅ ነው የማውቀው፤ እንዲህ ሲሆን አላውቀውም። «ሚስቴ የስፌት መኪናዋን ልትሸጥ ሰው አነጋግራ ነበር» አለ። «ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ለምን ብቻዬን ሆንኩ አላልሽኝም?»

«አልጠየቅከኝማ።» ይህን ማለት አልፈለግኩም፤ ከአፌ አምልጦ ወጣ።

ተነሳ። ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው። የእማዬን ብርድ ልብስ ጫፍ በእግሩ ሳይሆን ጎንበስ ብሎ በእጁ ከመንገዱ ገለል አደረገው፤ በዚያ ወገቡ። «ዘጠኝ ዓመት አንቺ ስታገላብጫት እኔ በወር አንዴ ብርቱካን ይዤ ብቅ እል ነበር» አለ። «ብርቱካኑንም አንቺ ነሽ የምትልጪላት።» ከዚያ ወጣ። በሩን አላጋጨውም። ቢያጋጨው ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ግንቦት 9

ቀኑን ሙሉ ባልቴቷ ግቢ። ክፍሌ ውስጥ ያለው ዕቃ ከአፓርታማው ያነሰ ነው።

የበደልኩት ወንድሜን ብቻ አይደለም። ያቺን ደብተር ይዛ የመጣችውንም ልጅ ነው። ሰው እንዳይጠፋኝ ብዬ ሰው የሚገባበትን ቤት ዘግቼ ተቀመጥኩ። ሌላ ሰው ቢያደርገው ስንት ነገር እለው ነበር!

ሐሙስ፣ ግንቦት 20

አሥራ ሁለት ቀን። ስልክ የለም። ቤቱም አልሄድኩም። ምሳ ሰዓት ላይ የአምባሳደሩ መልእክት፦ ገዢው ሁለት ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ አቅርቧል። ልክ እኔ የገመትኩት። ልክ መሆን እንዲህ ይመርራል?

እሑድ፣ ግንቦት 23

ሄድኩ። ሳልደውል። ዓይኔን በጨው ታጥቤ በራቸውን አንኳኳሁ።

የከፈተችው ሚስቱ ናት። አየችኝ፣ ወደ ኋላ ዞራ አየች፣ «ግቢ» አለች። ወንድሜ አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነበር፤ ሊነሳ ሲል ከለከልኩት። የስፌት መኪናዋ ቦታው ላይ ነው። አመሰገንኩ፣ በሆዴ።

ወረቀት ይዤ ነበር። ሌላ የማውቀው ነገር የለማ። «ሁለት ነገር ነው» አልኩ። «አንደኛው፣ ሽማግሌዎቹ ገብተው ቢሆን ኖሮ የሚደርሳችሁን የሁለት ወር ድርሻ ከደመወዜ እከፍላለሁ፤ ይኸው። ሁለተኛው፣ ቤቱን ልከራየው። እኔ። ዛሬ ገበያው አሥራ ሦስት ሺህ ነው፤ አምባሳደሩን ጠይቁት፣ ሌላም ጠይቁ። ግማሹን በየወሩ እከፍላችኋለሁ። ልሽጥ ካልክም ደግሞ ግማሹ ያንተ ነው፤ እፈርማለሁ።»

«ገንዘቡን አልቀበልሽም» አለ ወንድሜ ጣሪያውን እያየ።

«እንቀበላለን» አለች ሚስቱ። አነሳችና መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፈሽ ከምታድሪ፣ ለምንድን ነው እኛ ጋ ያልመጣሽው?»

 ጠብቃ ጠብቃ ሳህን አወጣች፤ ለእኔም ጭምር።

«እንሽጠው ወይስ እንያዘው?» አለኝ ወንድሜ ከበላን በኋላ። ልቤ ላይ የነበረውን ሳይሆን የማውቀውን ነገርኩት፤ አሁን ብንሸጥ አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ እንደምናጣ፤ ብንይዘው ደግሞ ሰፈሩን የሚፈልግ ሌላ ሥራ፣ ሌላ ትምህርት ቤት ካልመጣ ጨርሶ ላይመለስ እንደሚችል፤ መቼ እንደሚመጣ ደግሞ ማንም እንደማያውቅ፣ እኔም እንደማላውቅ።

«ወረቀቱን አሳይኝ» አለ።

ሰጠሁት። በጀርባው እንደተኛ ከፍ አድርጎ ይዞ አነበበው፤ መስመር በመስመር። «ይቺ ምንድን ናት?» «ይሄስ ከየት መጣ?» እያለ። ልጁ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አብራው ታነባለች፣ አንዳንዱን እሷ ታስረዳዋለች። አንድ ሰዓት ፈጀብን።

«እንያዘው» አለ። «ግን ገበያው ሲወጣ እጨምርብሻለሁ፣ እወቂው።»

«ሁለት ወር አስቀድመህ በጽሑፍ አስታውቀኝ» አልኩት።

ሊስቅ ሲል ወገቡን ያዘው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 2

ዕቃ አዛወርኩ። አንድ ጋሪ አልሞላም። ባልቴቷ ጥላዬን ረስቼ ስሄድ እስከ በሩ ተከትላ ሰጠችኝ፤ «ድምፅሽ የማይሰማ ተከራይ ነበርሽ» አለችኝ። እያመሰገነችኝ መሆኑ ነው።

አልጋ ገዛሁ። በስሜ የኪራይ ውል ጻፍን፤ አከራይ እኔና ወንድሜ፣ ተከራይ እኔ። አምባሳደሩ ምስክር ሆኖ ሲፈርም፣ «በሥራ ዘመኔ ከራሷ ጋር ተዋውላ ያላተረፈች የመጀመሪያዋ ሰው እርስዎ ነዎት» አለኝ። ኮሚሽን አልቀበልም ብሎ፣ ወዲያው ሐሳቡን ቀይሮ ግማሹን ተቀበለ።

እሑድ፣ ሰኔ 7

ዝም ያለ ቀን። ቤቱ ሲሞላ ብቸኝነቱ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀም። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ መጋረጃ አለ፤ የማወራው ሰው የለም። ሁለተኛው መኝታ ባዶውን ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ከዚህ በኋላ ማንንም እያታለልኩ አይደለም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 13

የወንድሜ ልጅ መጣች፣ ለፈተና ልታጠና። የትምህርት ቤቱ ክፍያ ተከፍሏል፤ ትቀመጣለች። እነሱ ቤት ጫጫታ ነው፤ ለክረምቱ በሳምንት ሦስት ቀን እዚህ ታድራለች። ያሰበችው እናቷ ናት። ባዶው ክፍል ውስጥ ደብተሮቿን ወለሉ ላይ ዘርግታ በሆዷ ተኝታ ታጠናለች። ጠረጴዛ እፈልግላታለሁ።

አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። አንድ ወጣትና እርጉዝ ሚስቱ ናቸው። ሦስት ፎቅ ወጥታ ትንፋሿ ተቆራርጧል። ውሃ ሰጠኋት፤ በሩ ላይ እንደቆመች ጠጣች። «ይቅርታ እማማ» አለኝ ወጣቱ፤ «ከታች ጥበቃው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባዶ ቤት ነበር አለን። ይሄ ነው?»

ማዶው በር ላይ ያለውን አሳየኋቸው፤ ከየካቲት ጀምሮ ባዶ ነው፣ መስኮቱ ወደ ጓሮ ነው ግን ሰፊ ነው፤ ባለቤቱ አሥራ አራት ቢላችሁ ከአሥራ ሁለት በላይ እንዳትሰጡት አልኳቸው። ወጣቱ በትከሻዬ አሻግሮ ወደ ውስጥ አየ፤ ወለሉን፣ ብርሃኑን። «ይሄኛውስ?» አለኝ። «ይሄኛው አይከራይም?»

ከውስጥ ልጅቷ «አክስቴ፣ ማነው?» ብላ ተጣራች።

«ይሄኛው ተይዟል» አልኩት።